አፍርሶ መሥራት እና ሠርቶ ማፍረስ፦ የዋሽንግተን የወንዝ ዳርቻ ሰፈሮች ታሪክ

በዋሽንግተን ከተማ ሜይን አቬኑ ላይ ያለው የዓሣ ገበያ ከ1805 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ነው። (ዓመታቱ፣ ለይቼ ካልጠቀስሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መደብሮቹ ውሃው ላይ የተንሳፈፉ ናቸው፤ ገዢው መሬት ላይ፣ ሻጩ ውሃ ላይ ቆመው ይገበያያሉ። ዓሣው በረዶ ላይ ተደርድሯል፤ ሸርጣኑ በእንፋሎት ይበስልና ቅመም ተነስንሶበት በወረቀት ከረጢት ይሰጣል። ከገበያው ጥቂት እርምጃ እንደራቃችሁ ዘ ዋርፍ የሚባለው አዲስ ዳርቻ ይቀበላችኋል፦ የመስታወት ሕንፃዎች፣ ሆቴሎች፣ የሙዚቃ አዳራሽ፣ የጀልባ ማቆሚያ። የመጀመሪያው ክፍል በኦክቶበር 2017፣ ሁለተኛው በኦክቶበር 2022 ተከፍቷል፤ በጠቅላላው 3.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል።

ገበያው ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ነው፣ ዋርፍ ገና ትናንት ተሠራ። በሁለቱ መካከል የነበረው ሰፈር የት ሄደ? በዚያ በኩል ለዓመታት ሳልፍ ይህን ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም ነበር። መልሱን ካገኘሁ በኋላ ግን ስለ «መልሶ ማልማት» የሚነገረውን ሁሉ የምሰማበት ጆሮ ተለወጠ። አዲስ አበባ ውስጥ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም.፣ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርሱ ያየ አንባቢ፣ «ልማት ተነሺ» የሚለውን ቃል ላስተምረው አልሞክርም። እዚህ የማብራራው ዋሽንግተን በዚህ ጉዳይ ሰባ ዓመት ምን እንዳደረገች፣ ሕጉና ሒሳቡ እንዴት እንደሚሠራ፣ ነዋሪው የሚጎዳውም በየትኛው ቦታ ላይ እንደሆነ ነው።

ደቡብ ምዕራብ ዋሽንግተን ከከተማዋ አራት ክፍሎች ትንሹ ነው። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁሮች፣ ከአውሮፓ የመጡ አይሁዶች፣ አየርላንዳውያንና ጀርመኖች ሰፍረውበታል። «አራት ተኩል ጎዳና» የሚባል መንገድ መሐሉን ይቆርጠው ነበር፤ በምሥራቁ በኩል በአብዛኛው ጥቁሮች፣ በምዕራቡ ነጮች ይኖሩ ነበር። ሱቁ፣ ልብስ ሰፊው፣ ቤተ ክርስቲያኑና ምኩራቡ ሁሉ በእግር የሚደረስበት ነበር።

ድህነቱ ግን እውነተኛ ድህነት ነበር። የድሮ ሰፈርን አሳምሮ ማውራት ለተፈናቀሉትም አይጠቅማቸውም። ከዋናው መንገድ ጀርባ በጠባብ መተላለፊያዎች የተሰለፉት ቤቶች ስለነበሩበት ሁኔታ፣ ኋላ የምመጣበት የ1954ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ራሱ አኃዝ አስፍሯል። «አካባቢ ለ» በተባለው ክፍል 5,012 ሰዎች ይኖሩ ነበር። ከቤቶቹ 57.8 በመቶው መጸዳጃቸው ደጅ ነበር፤ 60.3 በመቶው መታጠቢያ አልነበራቸውም፤ 29.3 በመቶው መብራት አልገባላቸውም፤ 64.3 በመቶው ሊጠገኑ የማይችሉ ተብለው ተመዝግበዋል። ከነዋሪው 97.5 በመቶው ጥቁር ነበር። በዘመኑ የተነሱ ፎቶግራፎች አሉ፦ ከፊት የዘመመ የእንጨት ቤትና የውሃ ባልዲ፣ ከኋላ የምክር ቤቱ ነጭ ጉልላት። ሕግ አውጪዎቹ ሰፈሩን የሚያዩት በመስኮታቸው ነበር ማለት ይቻላል፤ እፍረቱም ሳይገፋፋቸው አልቀረም።

በ1946 ኮንግረስ የዋሽንግተንን መልሶ ማልማት ሕግ አወጣ። ሕጉ አንድ የመሬት ኤጀንሲ አቋቁሞ የተጎሳቆለ ሰፈርን እንዲገዛ፣ ባለቤቱ አልሸጥም ካለም ካሳ ከፍሎ እንዲወስድ፣ ከዚያም ለግል አልሚ እንዲያከራይ ወይም እንዲሸጥ ሥልጣን ሰጠው። የሕጉ እምብርት ይህ የመጨረሻው ሐረግ ነው። መንግሥት ለመንገድ ወይም ለትምህርት ቤት መሬት ሲወስድ ሰው ይገባዋል። ከአንዱ ነጋዴ ወስዶ ለሌላው ነጋዴ ሲሰጥስ?

ይህን ጥያቄ ይዞ የተሟገተው በአራተኛው ጎዳና ላይ ትልቅ ሱቅ የነበረው ባለንብረት ነው። ሱቄ አልተጎሳቆለም፣ ታዲያ ለምን ይፈርሳል አለ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አምስተኛ ማሻሻያ የግል ንብረት «ለሕዝብ ጥቅም» ካልሆነና ተገቢ ካሳ ካልተከፈለበት አይወሰድም ይላል። ባለሱቁ ሞቶ ጉዳዩን የንብረቱ አስተዳዳሪዎች ቀጠሉት፤ በርማንና ፓርከር በሚል የሚታወቀው ክርክር በኅዳር ወር 1954 ተወሰነ፤ ዳኞቹም በሙሉ ድምፅ ለመንግሥት ፈረዱ። ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ የጻፉት ውሳኔ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ ሰፈር የሚታቀደው በጥቅሉ ነው፤ አንድ አንድ ሕንፃ እየለየን «ይህ ደህና ነው፣ ይህ አይደለም» ብንል እቅዱ ይፈርሳል፤ ከተማ ጤናማ ብቻ ሳይሆን ውብም እንዲሆን መወሰን የሕግ አውጪው ሥልጣን ነው።

የውሳኔው ክብደት ከዋሽንግተን አልፏል። ኮነቲከት ውስጥ ኒው ለንደን የምትባል የወደብ ከተማ ፎርት ትራምቡል የተባለውን የውሃ ዳርቻ ሰፈሯን ለመልሶ ማልማት ስትፈልግ፣ ሱዜት ኬሎ የምትባል ነርስ ሮዝ ቀለም የተቀባች ቤቷን አልሰጥም አለች። በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ለከተማዋ ፈረደ፤ ከተደገፈባቸው ውሳኔዎችም አንዱ የ1954ቱ ነበር። ሰፈሩ ተነሣ። የልማቱ ተስፋ የነበረው በአቅራቢያው ያለ ትልቅ የመድኃኒት ኩባንያ በ2009 ከከተማዋ እንደሚወጣ አስታወቀ፤ የፈረሰው መሬትም ለዓመታት ሣር በቀለበት። ከዚያ ወዲህ ከ40 የሚበልጡ ክፍላተ ግዛት ይህን ሥልጣን የሚገድብ ሕግ አውጥተዋል፤ የአንዳንዶቹ ሕግ ጠንካራ ነው፣ የሌሎቹ ደግሞ ቀዳዳው ሰፊ ነው።

ወደ ደቡብ ምዕራብ እንመለስ። ከመፍረሱ በፊት ሌላ መንገድ ቀርቦ ነበር። ኤልበርት ፒትስ የተባለው የከተማ እቅድ ባለሙያ ጎዳናዎቹ ሳይነኩ፣ ሊጠገን የሚችለው ተጠግኖ፣ የነበረው ሕዝብ እዚያው እንዲቀር ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በተቃራኒው ሉዊ ጀስትመንትና ክሎቲኤል ውዳርድ ስሚዝ ሙሉ በሙሉ ጠርጎ እንደ አዲስ መሥራትን መከሩ። ያሸነፈው መጥረጉ ነው። ከ220 ሄክታር በሚበልጥ መሬት ላይ ከጥቂቶች በቀር ያለው ሁሉ ፈረሰ፤ 23,000 ያህል ሰዎችና 1,500 ያህል ንግድ ቤቶች ተነሡ። በሰፈሩ በኩልም ፈጣን መንገድ ተቆረጠ። ከፈረሳው ካመለጡት ውስጥ በ1790ዎቹ የተሠሩ አራት ተያያዥ ቤቶች ይገኙበታል፤ ዛሬ የአንድ ዘመናዊ የመኖሪያ ግቢ አካል ሆነው ቆመዋል።

ሰዎቹስ? አብዛኞቹ ተከራዮች ስለነበሩ ካሳው እነርሱን አልነካቸውም፤ የቤት ካሳ የሚከፈለው ለባለቤት ነው። ብዙዎቹ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ተሻገሩ፤ ሌሎች በመንግሥት የኪራይ ቤቶች ገቡ። በ1966 የታተመ አንድ ጥናት ከተነሡ አምስት ዓመት ያህል የሆናቸውን 98 ቤተሰቦች ፈልጎ አነጋገረ። የጥናቱ ውጤት ሁለት ገጽ አለው፤ አንዱን ብቻ ነጥሎ ማንበብ ስሕተት ነው። ቤታቸው ተሻሽሏል፦ ውሃ፣ መብራት፣ ማሞቂያ አግኝተዋል። ነገር ግን ሩብ ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላም በአዲሱ ሰፈራቸው አንድም ወዳጅ አላፈሩም ነበር።

በዚህ ቁጥር ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም በየትኛውም የካሳ ቅጽ ላይ የሚሞላበት መስመር የለም። በእኛ ቋንቋ ስንተረጉመው እድሩ ፈረሰ ማለት ነው። ልጅ ሲታመም የሚጠብቅ፣ ቡና ሲፈላ የሚጠራ፣ ሥራ ሲጠፋ «እዚያ ሰው እየፈለጉ ነው» የሚል፣ ሱቅ በዱቤ የሚሰጥ፣ ሲሞቱም ድንኳን የሚተክል ሰው ጠፋ ማለት ነው። ለሀብታም ይህ ጨዋታ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘብ የሌለው ሰው ግን ጎረቤቱ ኢንሹራንሱም፣ ባንኩም፣ ሞግዚቱም ነው። ቤተሰቡ የተሻለ ክዳን ሥር ገብቶ በወር ሒሳቡ የደኸየው ለዚህ ነው፦ ጎረቤት በነፃ ይሰጠው የነበረውን ሁሉ አሁን በገንዘብ መግዛት አለበት።

ለመመለስስ ተስፋ አልነበረም? ነበረ፤ በወረቀት። ፍርድ ቤቱ የጠቀሰው የ«አካባቢ ለ» እቅድ ከሚሠሩት ቤቶች ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ለአነስተኛ ገቢ እንዲሆን፣ ኪራዩም በአንድ ክፍል በወር ከ17 ዶላር እንዳይበልጥ ያዝዝ ነበር። ሆኖም መሬቱ ሁሉ ተጠርጎ አልሚዎቹ ሒሳባቸውን ሲሠሩ አንድ ሦስተኛው ቀለጠ። በመጨረሻ ከተሠሩት 5,900 ያህል አዳዲስ ቤቶች ውስጥ መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው የሚሆኑት 310 ብቻ ነበሩ። የምክር ቤት አባላትና የመንግሥት ባለሥልጣናት ገቡባቸው። ጥቁርና ነጭ ተቀላቅሎ የሚኖርበት ሰፈር በመሆኑ በዘመኑ ሲመሰገን ኖሯል፤ ምስጋናውም ከእውነት የራቀ አልነበረም። የተቀላቀሉት ግን የድሮዎቹ ነዋሪዎች አልነበሩም። የሚያሳዝነው፣ በ1960ዎቹ የተሠራው የዳርቻው ክፍል ራሱ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሳይሞላው ለዋርፍ ተብሎ ፈረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት፦ የውሃ ዳርቻ ለምን ሁልጊዜ የዚህ ዓይነት ግጭት ቦታ ይሆናል? በድሮ ከተማ ወንዝ ዳር ማለት መርከብ የሚራገፍበት፣ ቆሻሻ የሚፈስበት፣ ጎርፍ የሚደርስበት ቦታ ነው። ሀብታም ኮረብታ ላይ ይሠራል፤ ድሃው ርካሹን መሬት ይይዛል። ኋላ ፋብሪካው ሲዘጋና ውሃው ሲጸዳ ያው መሬት ወርቅ ይሆናል። ውሃው ደግሞ በራሱ አይጸዳም። ዋሽንግተን ዝናብ ሲዘንብ ወደ አናኮስቲያ ይፈስ የነበረውን ፍሳሽ የሚይዝ ግዙፍ የመሬት ውስጥ ዋሻ ሠርታ የመጀመሪያውን ክፍል በ2018 ሥራ አስጀምራለች። ገንዘቡ ከመላው የከተማው ነዋሪ የውሃ ክፍያ ጭምር የወጣ ነው። ወንዙን ሁሉም በኪሱ አጸዳው፤ የመሬቱ ዋጋ ሲወጣ ግን ትርፉ ለባለ መሬቱ ነው፣ ጭማሪው ለተከራዩ ነው። ተከራዩ ራሱን ለሚያፈናቅለው ነገር መዋጮ ከፍሏል ብል አላጋነንሁም።

የቅርቡን ምሳሌ ለማየት ከዋርፍ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኔቪ ያርድ አካባቢ እንሂድ። አርተር ካፐርና ካሮልስበርግ የሚባሉ 707 የመንግሥት የኪራይ ቤቶች ነበሩበት። በ2001 ሆፕ ስድስት ከተባለው የፌዴራል መርሐ ግብር 34.9 ሚሊዮን ዶላር ተገኘና ቤቶቹ ፈርሰው የተለያየ ገቢ ያላቸው ሰዎች አብረው የሚኖሩበት ሰፈር እንዲሠራ ተወሰነ። ቃሉ ጥሩ ነበር፦ 707 ይፈርሳል፣ 707 ይተካል፣ አንድ ለአንድ። ከብዙ ከተሞች የሚሻል ቃል ነው፤ ሌላው ቦታ ከፈረሰው ያነሰ ተክቶ ማለፍ የተለመደ ነበር።

ስንጥቁ ጊዜው ላይ ነበር። ሰዎቹ የወጡት ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። የቤዝቦል ስታዲየሙ በ2008 ተከፈተ፤ የመሥሪያ ቤት ሕንፃዎችና ውድ አፓርታማዎች ተነሡ። ፈረሳው ካለፈ ከአሥር ዓመት በኋላም ከምትክ ቤቶቹ ያልተሠሩ ነበሩ። አሥር ዓመት በአንድ ቤተሰብ ዕድሜ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሲወጣ የሰባት ዓመት የነበረ ልጅ አሥራ ሰባት ሞልቶታል፤ ትምህርት ቤቱ፣ ጓደኞቹ፣ የእናቱ ሥራ ሌላ ቦታ ሆኗል። አያቱም ላትኖር ትችላለች። ያኔ «የመመለስ መብት አላችሁ» የሚል ደብዳቤ ቢደርስ መብቱን የሚጠቀም ጥቂት ነው፤ ከዚያም «ብዙዎቹ መመለስ አልፈለጉም» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል።

የመመለስ መብትም ጥቃቅን ፊደል አለው። ውዝፍ ኪራይ ያለበት፣ የብድር ታሪኩ የተበላሸ፣ ከቤተሰቡ አንዱ የወንጀል መዝገብ ያለበት ሊቀር ይችላል። አዲሶቹ ሕንፃዎች በአብዛኛው ስቱዲዮና ባለ አንድ መኝታ ስለሚሆኑ ስድስት ሰው ያለበት ቤተሰብ የሚገባበት ቤት ያጣል። በመጠባበቂያው ጊዜ የሚሰጠው የኪራይ ድጋፍ ቫውቸር ደግሞ ገንዘብ እንጂ ቤት አይደለም፤ የሚቀበል አከራይ ፈልጎ ማግኘት የተከራዩ ሸክም ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ቃል እንምጣ፦ «አቅምን ያገናዘበ ቤት»። የማንን አቅም? በአሜሪካ የሚለካው በአካባቢው መካከለኛ ገቢ ነው። ይህም ማለት የቤተሰቦች ገቢ ከትንሹ እስከ ትልቁ ቢሰለፍ መሐል ላይ የሚገኘው ነው። ነገር ግን «አካባቢ» ማለት ሰፈሩ ብቻ አይደለም፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያሉ ሀብታም ዳርቻዎች ሁሉ ይገቡበታል። በ2023 ለአራት ሰው ቤተሰብ 152,100 ዶላር ነበር። አንድ አልሚ «ቤቶቹ ለ60 በመቶ ገቢ ናቸው» ካለ፣ በዓመት እስከ 91,260 ዶላር ለሚያገኝ ቤተሰብ ማለቱ ነው። ኪራይ ከገቢ 30 በመቶ ይሁን በሚለው መለኪያ ወደ 2,280 ዶላር ይመጣል።

እንግዲህ አንድ የፓርኪንግ ሠራተኛ እናስብ፣ ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት። በ2023 አጋማሽ የዋሽንግተን ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 17 ዶላር ሆነ። ሙሉ ሰዓት ቢሠራ በዓመት 35,360 ዶላር ነው፤ በዚሁ መለኪያ ሊከፍል የሚችለው ኪራይ 884 ዶላር ብቻ ነው። ሚስቱም በተመሳሳይ ደመወዝ ሙሉ ሰዓት ብትሠራ 70,720 ይሆናል፤ ኪራዩም 1,768። አሁንም «አቅምን ያገናዘበ» ከተባለው ቤት በወር 500 ዶላር ይጎድላቸዋል። ማንም አልዋሸም፤ ቁጥሩ ሕጋዊ ነው። ስለዚህ «ስንት በመቶው አቅምን ያገናዘበ ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ለስንት በመቶ ገቢ? ስንት መኝታ? ለስንት ዓመት?» ብሎ መቀጠል ያስፈልጋል። ብዙዎቹ የኪራይ ገደቦች የጊዜ ወሰን ስላላቸው፣ ሲያበቃ ቤቱ ወደ ገበያ ዋጋ ይመለሳል።

የእኛ ማኅበረሰብ ይህን ጉዞ በራሱ መንገድ ያውቀዋል። በ1980ዎቹ በአዳምስ ሞርጋን 18ኛ ጎዳና የነበሩት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ኋላ ወደ ዩ ጎዳናና ወደ ዘጠነኛው ተሻገሩ፤ ዛሬ ደግሞ ብዙው ሰው በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ነው። የተሻለ ቤት ፈልጎ የወጣ አለ፤ ኪራዩ ያስወጣውም አለ።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጠገንና ማደስ አይቅር። ሻጋታ የበላው ግድግዳና የሚያፈስ ቧንቧ ውስጥ ልጅ አሳድጉ ማለት ግፍ ነው። ልዩነቱ ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ይመስለኛል። ከዋርፍ በእግር በሚደረስ ርቀት ላይ ግሪንሊፍ የሚባሉ በ1959 የተሠሩ 493 የመንግሥት የኪራይ ቤቶች አሉ። አርጅተዋል፤ መልሶ ለማልማት ለዓመታት ሲታቀድ ቆይቷል። ነዋሪዎቹና ደጋፊዎቻቸው አጥብቀው የያዙት መርህ «መጀመሪያ ይሠራ» የሚል ነው፦ በአቅራቢያው ባለ ባዶ ቦታ አዲስ ሕንፃ ይቆማል፣ የአሮጌው ነዋሪዎች በቀጥታ ይዛወራሉ፣ ከዚያ በኋላ አሮጌው ይፈርሳል። ሰው ከሰፈሩ አንድ ቀንም አይርቅም፤ ልጁ ትምህርት ቤት አይቀይርም። ይህ ለአልሚው የማይመች ነው፦ ባዶ መሬት ይጠይቃል፣ ሥራው በየተራ ስለሚሆን ይረዝማል። ግን የሚጠብቀው ገንዘብ ነው፤ በሌላው መንገድ የሚጠብቀው ሰው ነው።

በግል ሕንፃ ለሚኖር ተከራይ ደግሞ ዋሽንግተን ከ1980 ጀምሮ አንድ ብርቅ ሕግ አላት። ባለቤቱ ሕንፃውን ሊሸጥ ሲያስብ ተከራዮቹ የመግዛት ቅድሚያ ያገኛሉ፤ ተደራጅተው መግዛት፣ ወይም ኪራያቸው እንደማይንር ከሚዋዋል ገዢ ጋር መስማማት ይችላሉ። ሕጉ ቀስ በቀስ ተሸራርፏል፤ በ2018 ባለ አንድ ቤተሰብ ቤቶች በአብዛኛው ከሕጉ ወጥተዋል። ሆኖም በአንድ ሕንፃ ብዛት ያላቸው ያገራችን ሰዎች በሚኖሩበት ከተማ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈው የሽያጭ ማስታወቂያ ሳይነበብ ሲጣልና ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ማየት ያንገበግባል። እንዲህ ያለ ወረቀት በደጃችሁ ሲደርስ የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ።

ሦስተኛው መንገድ የማኅበረሰብ የመሬት ባለአደራ ነው። ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት መሬቱን ይይዛል፤ ነዋሪው ከላይ ያለውን ቤት ይገዛል ወይም ይከራያል። ሲሸጥ የተወሰነ ትርፍ ያገኛል፣ የቀረው ጭማሪ ግን ከቤቱ ጋር ስለሚቀር ቀጣዩ ገዢም በአነስተኛ ዋጋ ያገኘዋል። መሬቱ ከገበያ ስለወጣ ወንዙ ቢጸዳም ዋጋው አብሮ አይወነጨፍም።

የዚህ ምሳሌ በአናኮስቲያ ወንዝ ላይ ነው። የድሮው 11ኛ ጎዳና ድልድይ ሲነሣ ምሰሶዎቹ ውሃው ውስጥ ቀሩ፤ በእነርሱ ላይ የእግረኛ ፓርክ ለመሥራት ታቀደ። ፓርኩ ሀብታሙን ምዕራብ ዳርቻ ከድሃው ምሥራቅ ዳርቻ ያገናኛል፤ ስለዚህ ኪራይ እንደሚያንር አቃጆቹም አልካዱም። የፓርኩ ንድፍ ገና በሚዘጋጅበት በ2015 የነዋሪዎችን ቤትና ሥራ የሚጠብቅ እቅድ አወጡ፤ ከዚያም በባርነት ተቃዋሚው በፍሬድሪክ ዳግላስ ስም የተጠራ የመሬት ባለአደራ ተቋቋመ። በወንዙ ማዶ፣ ከደቡብ ምዕራብ የተነሡት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች በሚኖሩበት በዚያው በኩል፣ ባለአደራው ሕንፃዎች መያዝ የጀመረው ምሰሶዎቹ ባዶአቸውን ቆመው ሳለ ነበር፤ ያን ጊዜ በላያቸው የሚያርፍ የፓርክ ወለል አልተዘረጋም።